እንደ መቀነት የተላጠው ጥድ

አምና ታኅሣሥ ላይ ነው። እማዬን ልጠይቅ ሄጄ ገና ቡናው ሳይቀርብ፣ የደኑ ጥበቃ በር ላይ ቆመው አስጠሩኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ ያደግኩ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። «ነይ ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ደኑ የሚጀምረው ከቤታችን ጀርባ ነው። መጀመሪያ ባሕር ዛፉ ይመጣል። ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የሐበሻ ጥዶች አሉ። አንድ ትልቅ ጥድ ሥር ስንደርስ ጋሼ ቁጢጥ አሉና የተከመረውን ቅጠል በዱላቸው ገለጥ አደረጉት። ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ ግንዱ ዙሪያውን ተልጧል። እንደ መቀነት። እንጨቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሙጫ ቋጥሯል። ሽታው አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ ነው። የተላጠው ቅርፊት እዚያው ቅጠሉ ሥር ተደብቋል። ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ቅጠሉ ለምለም ነው። ዛፉ መሞቱን ገና አልሰማም።

«ስንት ናቸው ጋሼ?»

«እንዲህ ዙሪያውን የተላጡት ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ሰው መጥቶባቸው ሳይሆን አይቀርም።»

የከተማዋን ስም አልጠራም። ጋሼም፣ እማዬም፣ ጎረቤቶቻችንም እዚያው ነው የሚኖሩት። ሰሜን ሸዋን የሚያውቅ ሰው ግን አይቸገርም። ብርድ ናት፣ ነፋሷ አይጣል ነው፣ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ትርቃለች። ከበላይዋ ዳገት አለ፤ ዳገቱ ላይ ደን ነበር። ገሚሱ አሁንም አለ።

ዛፍ ዙሪያውን ሲላጥ ምን እንደሚሆን ያኔ በቅጡ አላውቅም ነበር። ጋሼ ነገሩኝ፤ በኋላ ደግሞ የደን ባለሙያ የሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ጠይቄ አረጋገጥኩ። ውሃ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ግን በልጡ በኩል ነው። ልጡ ዙሪያውን ሲቆረጥ ሥሩ ይራባል። ቅጠሉ ውሃ እያገኘ ለወራት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። ከዚያ ጫፉ ይቀላል፣ መርገፍ ይጀምራል፣ ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል። በዚያን ጊዜ መጥረቢያ የያዘ ሰው አካባቢው ላይ የለም። ዛፉ በራሱ ደረቀ ይባላል።

ለደረቀ ዛፍ ደግሞ ደብዳቤ ይጻፍለታል። «የደረቁና ለአደጋ የሚያሰጉ ዛፎችን ስለማስወገድ» ይላል ርእሱ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ለምለም ጥድ ለመቁረጥ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። የደረቀውን ለማስወገድ ግን ማን እምቢ ይላል? አደጋ ነው፤ ሰው ላይ ይወድቃል። እኔ ራሴ ቢሮ ተቀምጬ ያ ደብዳቤ ቢቀርብልኝ ሳልፈርም አልቀርም ነበር። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያስፈራኝ።

ጋሼን «ለምን አልያዝዋቸውም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄዬ አሁን ያሳፍረኛል። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጄ፣ እኔ የተቀጠርኩት ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶችን እንዳባርር ነው። መጥረቢያ የያዘ ጎረምሳም ብይዝ እይዛለሁ። ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሰው ግን በምን እይዘዋለሁ?»

ሌላም ነገር አለ። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በ5 እና በ6 ዓመቱ መልሶ አጠና ይሆናል። ለዚህም ነው መሬቱን ለግንባታ የሚፈልጉ ሰዎች ባሕር ዛፉን ሲያነሱ ዶዘር አምጥተው ጉቶውን ከሥሩ የሚነቅሉት። ጥድ እንዲህ አይደለም። ከጉቶው አያቆጠቁጥም። አንዴ ከሄደ ሄደ። የምትተኪው ችግኝ ያንን ያህል እስኪደርስ የልጅ ልጅሽ ታረጃለች።

ያንን ደን የተከለችው እናቴ ናት። ብቻዋን አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ባለው ጊዜ፣ ምግብ ለሥራ በሚባለው፣ ዳገቱ ላይ እርከን ሠሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ችግኝ በጀርባቸው አወጡ። ክፍያው ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። እማዬ ዘይቱን የምትቀበልበት ቆርቆሮ ኩባያ አሁንም ቤት ውስጥ አለ፤ ጨው ይቀመጥበታል። በዚያን ጊዜ እኔን እርጉዝ ነበረች። «አንቺ ሆዴ ውስጥ ሆነሽ ነው የተከልሽው» ትለኛለች።

ጥዶቹ ግን ከዚያ በፊት ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም። የእማዬ እናት ስታገባ እንኳ ትልልቅ እንደነበሩ ይነገራል።

ልጅ ሆነን ደኑ ለእኛ ብዙ ነገር ነበር። ጭራሮ የምንለቅመው እዚያ ነው፤ ከጋሼ እየተደበቅን። ማትሪክ ያጠናሁት እዚያ ነው። የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ በየዛፉ ሥር ተበትኖ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ደኑ የሚያጉረመርም ይመስል ነበር። ክረምት ከብቶች እዚያ ይጠለላሉ። ቤት ውስጥ መነጋገር የማይችሉ ሰዎች እዚያ ሄደው ይነጋገራሉ። ከታች፣ ከደኑ ግርጌ፣ ምንጭ አለች። ስትቀንስ አይቻለሁ፤ ስትደርቅ ግን አላየሁም።

እዚህ ጋ ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ክርክሩ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚጀምረው። «ደን ደን ትላላችሁ፣ ይኼ እኮ ባሕር ዛፍ ነው!» ይሉናል። አዎ፣ ገሚሱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚወድ፣ ከሥሩም ብዙ ነገር እንደማይበቅል አውቃለሁ። ግን ዛፉ እንዴት እንደመጣም አንርሳ። በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ማገዶ አልቆ፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋ እዚያው እንድትቆይ ካደረጓት ነገሮች ዋናው ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ሸዋዎች ከዚያ ወዲህ ቤታችንን በእሱ ሠርተናል፣ እንጀራችንን በእሱ ጋግረናል፣ ልጆቻችንን አጠና ሸጠን አስተምረናል። የእናቴ ባሕር ዛፍ በጥድና በወይራ ይተካ የሚል ሰው ቢመጣ ደስ ብሎኝ አብሬው እቆፍራለሁ። የመጣው ሰው ግን የሚተካው በኮንክሪት ነው።

ደኑ የሞተው መጋዝ ሳይነካው በፊት ነው ብዬ አምናለሁ። የሞተው «ባዶ ቦታ» የተባለ ዕለት ነው።

ይህ ቃል መቼ እንደተጀመረ በትክክል አስታውሳለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ከአንድ የመሬት ደላላ ነው፣ ሻይ ቤት። «ያ ከላይ ያለው ባዶ ቦታ» አለ፤ ጣቱን ወደ ደኑ ቀስሮ። በሺህ የሚቆጠር ዛፍ የቆመበትን ቦታ! ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ሌላ ሰው ሲለው ሰማሁ። ከዚያ በስብሰባ ላይ ተባለ። ከዚያ በወረቀት ላይ መጣ። ሰው ካልሠፈረበት፣ ካርታ ካልወጣበት፣ ካሳ የሚጠይቅ ባለቤት ከሌለው፣ ለእነሱ ባዶ ነው። ከገበሬ መሬት ቢወስዱ ካሳ አለ፣ ክርክር አለ፣ ለቅሶ አለ። ዛፍ ግን አይከራከርም። ርካሹ መሬት ደን የሆነው ለዚህ ነው።

ለምን አሁን? እኔ እንደሚመስለኝ ከደብረ ብርሃን እድገት ጋር ይያያዛል። ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ሲባል የምናስበው የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው መጣ። የቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ። በ2011 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ መንገዱም ጥሩ ነው። የመሬት ዋጋ ሲንር፣ እዚያ ያልቻለ ገንዘብ በዙሪያዋ ወዳሉት ትንንሽ ከተሞች ይፈስሳል። በእኛ ከተማ የሚገርም ነው፤ አስፋልት ዳር ያለው ሜዳ ዓመታት ተቀምጦ፣ አልሚዎቹ የሚመጡት ወደ ዳገቱ ነው። ለምን ቢባል፣ እይታው ያምራል። ለሽያጭ በወጣው ሥዕል ላይ ሕንጻዎቹ በዛፍ ተከበዋል።

ቤት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የወንድሜ ልጅ 34 ዓመቱ ነው፤ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቷል። በቤት ማኅበር ተደራጅቶ መሬት ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች አሉ። ይህ ሁሉ ሰው ጣሪያ ያስፈልገዋል። ደኑ ተመንጥሮ ለእነሱ ቢሰጥ ኖሮ ክርክሬ ይከብደኝ ነበር፤ ልቤም ለሁለት ይከፈል ነበር። ግን ለእነሱ አልተሰጠም። እዚያ የሚሠራውን አፓርትመንት የወንድሜ ልጅ ዕድሜ ልኩን ቢሠራ አይገዛውም። ከደኑ ጥግ ቆርቆሮ መትቶ ጨረቃ ቤት የሠራ ምስኪን ደግሞ በሳምንቱ ፈርሶበታል፤ ልጆቹ ዕቃቸው ላይ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። የአልሚው አጥር ግን ቆሟል። ሁለቱም ያለ ፈቃድ ነው የገቡት። ምስኪኑ ግን አንድ ዛፍ እንኳ አልቆረጠም።

ከጋሼ ጋር ከደኑ የተመለስን ዕለት እማዬ ነገሩን ሰምታ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ «እድሩ ምን ሊሠራ ነው ያለው?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እድር ቀብር እንጂ ደን አያውቅም። እሷ ግን ከምሯ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ ተሰበሰበ። ስብሰባው ረጅም ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ተስፋ አስቆራጭ። አንዳንዱ ሄደን አጥሩን እናፍርስ አለ። ሌላው «ልማት ተቃወሙ ተብለን እንታሰራለን» ብሎ ፈራ። ፍርሃቱን አልንቅም፤ ሰው ቤተሰብ አለው። አንድ ወጣት «የመንግሥት ደን ነው፣ መንግሥት ያውቃል» አለ። በዚህ ጊዜ አንዲት እናት ተነሥተው «የመንግሥት ነው ስንል እኮ ነው የማንም የሆነው። የመድኃኔዓለምን ጥድ ለምን አይነኩትም? ባለቤት ስላለው ነው» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እውነታቸውን ነው። ሰሜን ሸዋን በአውሮፕላን ቢያዩት፣ ከታረሰው መሬት መሃል ክብ ክብ ያለው ጥቁር አረንጓዴ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅጽሩ ውስጥ ጥድ መቁረጥ ነውር ነው፤ ከነውርም በላይ ነው። ስለዚህ ወይራውም ጥዱም እዚያ ተጠልሎ ቆይቷል። ዘበኛው ከሌላው ቦታ በደሞዝ የተሻለ አይደለም። ልዩነቱ፣ ከዘበኛው ጀርባ ደብሩ ሁሉ መቆሙ ነው።

የአባቴ ወገን መንዝ ነው፤ ስለዚህ ጓሳን ጠቀስኩላቸው። የመንዝ ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ውርጭ አገር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ያ ቦታ ወደ 400 ዓመት ለሚሆን ጊዜ የተጠበቀው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ የጥንት አባቶች ዘሮች ነን የሚሉ ባለመብቶች ጓሳ ሣሩን ለ3፣ ለ5 ዓመት ይዘጉታል። ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ ቀሮ ፈረሰ፣ ቦታውም ተጎዳ። የመንዝ ሰው ግን ነገሩን አልተወውም። በኋላ በአዲስ መልክ፣ በማኅበረሰብ ጥበቃ፣ መልሶ አቆመው። አያቴ ስለ ቀሮ ሲያወሩ የሚነግሩኝ ስለ ሣሩ ሳይሆን ስለ ቀኑ ነበር፤ ሁሉም ሰው የተዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን ያውቃል። ማንም አላወቅሁም ማለት አይችልም።

የእኛ ከተማ ደን ላይ ግን ሁሉም ሰው አላወቅሁም ማለት ይችላል። ስንት ዛፍ እንዳለ የተጻፈበት ወረቀት የለም። ወሰኑ ድንጋይ የለውም። ዘጠኝ ጥድ ቢጎድል ከምን ተነሥቶ ጎደለ ይባላል?

ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠርን። ጥር ላይ፣ ሁለት እሑድ ፈጀብን። ልጆቹ በእያንዳንዱ ጥድ ላይ ክር አሰሩ፤ የተቆጠረ እንዳይደገም። ባሕር ዛፉን አንድ በአንድ መቁጠር ስላልተቻለ ዙሪያውን በስልክ ካርታ እየተራመድን ወሰኑን ያዝን፤ በየማዕዘኑ ፎቶ አነሣን። የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ በእድሩ መዝገብ ላይ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው መዘገቡት። በአንድ ገጽ የወር መዋጮና የለቀስተኛ ስም፤ በሚቀጥለው ገጽ «ጥድ፣ 71። ከነዚህ ዙሪያውን የተላጡ 9፣ በከፊል የተላጠ 1።» ሁላችንም ፈረምን። እማዬ በአውራ ጣቷ።

ሕጉን ያሳየን ሕግ የተማረ የአክስቴ ልጅ ነው። ሦስት ነገር ነው የነገረን፤ ሦስቱም ለማንም ከተማ ስለሚሠሩ ልጻፋቸው። የመጀመሪያው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያንን ሳያሟላ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ መስጠት የለበትም። የጥናቱ ሪፖርትም ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ስለዚህ ማንም ነዋሪ ሄዶ «ጥናቱን አሳዩኝ» ማለት ይችላል። ጥናቱ ሳይኖር ሲቀር የሚሰጡት መልስ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ አስገርሞኛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይባላል። ስሙ ብክለት ስለሚል ስለ ፋብሪካ ጭስ ብቻ ይመስላል። አንቀጽ 11 ግን በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ወይም ሊያደርስ የሚችል ማንንም ሰው፣ ማንም ሰው መክሰስ ይችላል ይላል። የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። መሬቱ የእኔ ነው ማለት አያስፈልግም። አቤቱታው መጀመሪያ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። እናቴ፣ ካርታ የሌላት፣ ማንበብ የማትችል፣ ስለዚያ ደን የመክሰስ መብት አላት። ይህን ስነግራት «ለምን እስካሁን ዝም አላችሁኝ?» አለችኝ።

ሦስተኛው የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ደን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበር ወይም የመንግሥት ሊሆን ይችላል ይላል። ስለዚህ ሰፈር ተደራጅቶ ደን የማኅበረሰብ ይሁንልን ብሎ መጠየቅ ይችላል። የእነዚያ እናት ቃል ሕግ ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ሌላ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ደን የሚበላው በዚህ በኩል ነው። የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነው የከተማ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ነው የሚወጣው። ሲከለስ ሕዝብ ይጠራል። አዳራሹ ግን ባዶ ይሆናል፤ ሰው አበል የለውም ብሎ ይቀራል። በአሮጌው ፕላን ላይ አረንጓዴ የነበረው ቀለም በአዲሱ ላይ ቅይጥ አገልግሎት፣ ማለትም ቤትም ንግድም የሚሠራበት፣ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አልሚ ሕጋዊ ነው። በእኛ ከተማ ክለሳው ሲካሄድ እኔም ተጠርቼ ነበር። አልሄድኩም።

አቤቱታችንን በጥር መጨረሻ አስገባን፤ ከመዝገቡ ገጽ ቅጂና ከፎቶዎቹ ጋር። 30 ቀኑ አለፈ፤ መልስ የለም። በ33ኛው ቀን ሌሊት ኢሱዙዎች ገቡ። እማዬ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ደወለችልኝ። ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ሌላ ድምፅ አልነበረም፤ መጋዝ ብቻ። እስኪነጋ የታችኛው ጥግ ባሕር ዛፍ አልቆ ነበር። በነጋታው ዶዘር መጥቶ ጉቶውን ነቀለ፤ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተተከሉ።

የኬንያዋ የደን ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ በዚያ ሰሞን ከአእምሮዬ አልወጣም አለች። ናይሮቢ ውስጥ ካሩራ የሚባለውን ከ1 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ የከተማ ደን ለቤት አልሚዎች ቆራርሰው ሲሰጡት፣ ችግኝ ይዛ ነው የሄደችው። እ.ኤ.አ. ጥር 1999 ላይ ችግኟን ልትተክል ስትሞክር በጠባቂዎች ተደብድባ ራሷ ተፈነከተ። ካሩራ ግን ዛሬም አለ፤ የናይሮቢ ሰው ይሮጥበታል፣ ልጆቹን ይዞ ይሄድበታል። ሰው ሲያወራ ችግኟን ያስታውሳል። እኔን የገረመኝ ግን ቦታውን ለማን እንደሰጡ እየጠየቀች መጻፏ፣ ደጋግማ መመለሷ ነው።

እኛም ተመለስን። ፍርድ ቤት ሄድን። ዕግድ ወጣ፤ ግን የወጣው ከላይ ላለው ብቻ ነው። የታችኛው ጥግ አልፏል። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ክረምት ሲገባ የሆነውን ግን መጻፍ አለብኝ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ትልቅ ዝናብ አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ብዙ አይተናል። ድሮ ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ያርፋል፣ ከሥር የተነጠፈው የረገፈ ቅጠል ይመጥጠዋል፣ ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል። አሁን ግን ከተራቆተው ጥግ በቀጥታ ወረደ። አፈሩን ይዞ ወረደ። በእማዬ ቤት ጓሮ ገብቶ በፊት በር ወጣ። መደቡ ድረስ ደረሰ፤ የገብሱን ጆንያ አበሰበሰው። ስደርስ እማዬ በራፍ ላይ ቆማ ጭቃውን በእጇ እያፈሰች ነበር። አንድ እፍኝ አነሣችና አሳየችኝ። ከውስጡ የባሕር ዛፍ ፍሬ ነበረበት፤ ያቺ ቁልፍ የምትመስለው። «ይኼ አፈር ከላይ ነው። ይኼን እርከን እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ጭቃውን ስናወጣ መሸ።

በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ለአረንጓዴ አሻራ ተጠርቶ ችግኝ ተከለ። ሄድኩ፤ ተከልኩም። ችግኝ መትከልን እወዳለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ተክያለሁ። ግን አንድ ስንዝር የሆነች የጥድ ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ ሳስቀምጥ፣ ከበላዬ የተላጡት ዘጠኙ ጥዶች ጫፋቸው ቀልቶ ይታየኝ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። የቆመ ጥድ መጠበቅ ቁጥሩ በዜና አይነገርም፣ ፎቶም አይነሣበትም። ግን እኮ ትልቁ አሻራ እሱ ነው። ከእኛ ቤት ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ላይ ወፍ ዋሻ የሚባለው ጥንታዊ ደን አለ፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው ያስተከለው እየተባለ ይነገራል። ማንም ያስተክለው፣ እስከ ዛሬ የደረሰው ግን ከዚያ በኋላ በመጡት በርካታ ትውልዶች ያልተቆረጠ በመሆኑ ነው።

ጋሼ አሁን የደኑ ጥበቃ አይደሉም። ወደ ዕቃ ቤት ጥበቃ ተዛውረዋል። ምክንያቱ አልተነገራቸውም። እሑድ እሑድ ግን ዱላቸውን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ማንም ሳይከፍላቸው።

በጥቅምት አብሬያቸው ወጣሁ። ዘጠኙ ደርቀዋል። ስምንቱ እንደቆሙ ናቸው፤ ዕግዱ ስላለ ማንም አልነካቸውም። አንዱ በነፋስ ወድቋል። ግማሽ ላይ ወደቀረው ወሰዱኝ። አምና ታኅሣሥ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ፣ ቁስሉን በጭቃና በእበት ለጥፈውት፣ በአሮጌ ነጠላ አስረውት ነበር። ነጠላውን ፈቱት። ጭቃው ረዳ አልረዳ እንጃ፤ ያተረፈው ያልተላጠው ግማሽ ልጥ ነው። ግን በቁስሉ ጠርዝ ላይ አዲስ ቅርፊት እንደ ከንፈር ወፍሮ ወደ መሃል እየመጣ ነው። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ለኩት። «አንድ ጣት ገብቷል» አሉ።

ማታ ለጸሐፊው ነገርናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ መዝገቡን ከሳጥን አወጡ፣ ከአምናው ገጽ ቀጥሎ ቀኑን ጻፉና ቀስ ብለው መዘገቡ፦ «ጥድ፣ 62። ከነዚህ አንዱ ቁስለኛ፤ ለምልሟል።»